መስኮት ላይ የተለጠፈው ደረት

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የሰማሁት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሳሙና መጥቷል ተብሎ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈናል። ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችኝ። የሆስፒታላችን ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ አሰለፈች ነበረች።

"አንቺ ሰብለ አይደለሽም? የካርድ ክፍሏ?"

"ነበርኩ።"

"የራጁ ሰውዬ አረፉ እኮ። ጋሽ ደምሴ። ሠልስታቸው ትናንት ነበር።"

"በምን?"

"እኔ እንጃ። ግማሹ ደም ግፊት ይላል፣ ግማሹ ኩላሊት ይላል። ማን ያውቃል" አለችና በመሃል ሾልካ ልትገባ የነበረችውን ልጅ ክንዷን ይዛ፣ "አንቺ! ዓይናችን እያየ? ወደ ኋላ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ሰልፉ ነው።

አላለቀስኩም። ሳሙናዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዘመዴ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን፣ ግማሹን ጊዜ ተኮራርፈን። ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራል፤ የጋሽ ደምሴን ደግነት የሚያወራ ግን ብዙ ሰው አይገኝም። ደግ የሚባል ዓይነት ሰው አልነበሩም። ልብሳቸው ያልታጠበ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነበሩ። ጥፍራቸው በፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ቡኒ ሆኗል። ከራጁ ጨረር የሚከላከለው ከባድ ሽርጥ ማንገቻው ተበጥሶባቸው በመጫሚያ ክር ራሳቸው ሰፍተውታል። በሽተኛ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። "ቀጣዩን ደረት አስገቢ" ነው የሚሉት። እኔ ይሄ ነውር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ነገርኳቸው።

"ጋሽ ደምሴ፣ ሰው ናቸው እኮ።"

"በሽተኛ መሆናቸውን ገና አላየሁማ" አሉኝ። "ደረት መሆናቸውን ግን አይቻለሁ።"

ሆስፒታሉ ጉለሌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ያለ የደረት ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ ካርድ ክፍል ገባሁ። ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ፣ ከራጅ ክፍል የመጣውን ፊልም ትልቅ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ፖስታው ላይ ስምና የበሽታ ዓይነት መጻፍ። በቃ ይኸው ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ እኔ ደግሞ ተቀምጬ መዋል አይሆንልኝም። ስለዚህ ፈጣን ሆንኩ። ጋሽ ደምሴ "ወይዘሪት ቶሎ" ብለው ስም አወጡልኝ። ዘበኛው ሳይቀር በዚያ ስም ይጠራኝ ጀመር።

ፍጥነቴ እንዴት እንደነበር ልናገር። ሐኪሙ የሚጽፈው የራጅ ማዘዣ ላይ "ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ራጅ ይነሳ" ይላል። እኔ ፖስታው ላይ "ውሃ" ብዬ እጽፋለሁ። "ሊሆን ይችላል" ለሚለው ቦታም የለ፣ ጊዜም የለ። ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ከመነሳቱ በፊት ፖስታዎቹን አዘጋጅቼ እደረድራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችውም እንደዚያው ነበር የምታደርገው፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ፖስታው ወደ ዋርድ ይሄዳል፤ ነርሷ "ውሃ" የሚለውን አንብባ መዝገቧ ላይ ትገለብጣለች፤ ሐኪሙ ደግሞ በማግስቱ ዋርድ ሲዞር ከነርሷ መዝገብ "ውሃ" ብሎ ያነባል። ቃሉ ዞሮ ሲመለስ እውነት ሆኖ ይመጣል። ይሄን ያኔ አላስተዋልኩም።

ጋሽ ደምሴ ግን የተደረደሩትን ፖስታዎች ያዩ ቀን አንዱን አንስተው አፍንጫዬ ሥር ያዙት።

"ይሄ ሰውዬ የት አለ?"

"ውጭ። ሰልፍ ላይ።"

"ገና አላነሳሁትም?"

"ገና።"

"ሳይወለድ ክርስትና ታነሺያለሽ?"

"ሐኪሙ ነው የጻፈው!"

"ሐኪሙ ጠረጠረ። አንቺ አጠመቅሽ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ቁራጭ ካርቶን ያዙ። ፊልም ሲያዩ ፖስታውን በካርቶኗ ይሸፍኑታል። መጀመሪያ ፊልሙን ያያሉ፣ ያዩትን ለራሳቸው ያጉተመትማሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ካርቶኗን የሚያነሱት። ስሙ ዓይን ያሳውራል ይሉ ነበር። "ፊልሙ ነጭና ጥቁር ነው የሚያውቀው። ስም የምናወጣ እኛ ነን።"

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ራጅ ላይ አየር ጥቁር ነው፤ ሳንባ አየር ስለሞላው ጥቁር ሆኖ ይታያል። አጥንት ነጭ ነው። ውሃም ነጭ ነው። ሳንባው ባለበት ቦታ ከታች በኩል ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል ይባላል። በእኛ ሆስፒታል ደግሞ ይሄ የየቀኑ ነገር ነው። መርፌ ይገባል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ሰውየው ይተነፍሳል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ።

ቶማ ራጅ ክፍል የመጣው ማክሰኞ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ራሱ የሸመነውን ጋቢ ደርቦ፣ እየሳቀ ገባ። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም። ከሁለት ሳምንት በፊት ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት መጣ፤ በማዳመጫ ብቻ ተሰምቶ በቀኝ በኩል ውሃ ቋጥሯል ተባለና ተኛ። ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያጥበው የጤና ረዳት፣ ሦስት ጊዜ በመርፌ ወጋው። ሦስቱንም ጊዜ ውሃ የሚባል አልወጣም። ዶክተር ግርማ፣ የዋርዱ ሐኪም፣ ውሃው ቆይቶ ወፍሯል፣ መግል ሆኗል፣ ስለዚህ በመርፌ አይመጣም ብሎ ወሰነ። ሐሙስ ጠዋት ጎድን አጥንቱ መሃል ተሰንጥቆ ጣት የሚያህል ቱቦ ይገባለታል። ማክሰኞ የተላከው ከቱቦው በፊት አንድ ራጅ እንዲነሳ ነው።

ጋሽ ደምሴ አነሱት። ፊልሙን አጥበው፣ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ መብራቱ ላይ ሰቀሉት። ካርቶኗን ፖስታው ላይ አደረጉ። ከዚያ ፊልሙ ላይ ተተከሉ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ሰልፉ በር ደርሷል" አልኳቸው።

"ይድረስ።"

"ሰው ይጮሃል።"

"ይጩህ። ነይ እዪ። በነጩ በኩል ጎድን አጥንቱን ቁጠሪ።"

ቆጠርኩ። በነጩ ውስጥ አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። "ሁሉም ይታያል" አልኩ።

ማድረቂያው ገመድ ላይ ከተሰቀሉት ፊልሞች አንዱን አውርደው ጎኑ ሰቀሉት። የሌላ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት ብዙ ውሃ የተቀዳለት ሰው። "የዚህን ቁጠሪ።"

"አይታይም። ድፍን ነጭ ነው።"

"ውሃ ጋቢ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ይሄ ነጠላ ነው" አሉ። ጣታቸውን በነጩ ጠርዝ ላይ አስኬዱ። "ውሃ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ሻይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ይሄ አልወጣም። ከመሃል ወደ ውጭ ተነፍቶ ተቀምጧል።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቅልሽ። ውሃ አለመሆኑን ነው የማየው። ልጁን ጥሪልኝ።"

ቶማ ገባ። ጋሽ ደምሴ ማንንም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ሥራውን ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚቀመጥ ደረቱ ላይ ይነበባል ይላሉ።

"ሥራህ?"

"ሽመና።"

"ስትሸምን ትንፋሽ ያጥርሃል?"

"ወደ ፊት ሳጎነብስ ትንሽ ይከብደኛል። ለምጄዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ቆየ።"

"ትኩሳት አለህ? ሌሊት ያልብሃል?"

"የለም።"

"ከስተሃል?"

ቶማ ሳቀ። "ሚስቴ እንኳ ወፈርክ ነው የምትለኝ።"

"መግል የያዘ ሰው ይወፍራል እንዴ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ለእኔም ለእሱም ሳይሆን ለግድግዳው። ድሬሰሩን አስጠሩት። በመርፌ ሲወጋ ምን እንደወጣ ጠየቁት።

"ምንም። ደረቅ ነው አልኩ እኮ።"

"ምንም ምን?"

"ጠብታ ደም። እ... መርፌው ጫፍ ላይ ደግሞ ቅባት የመሰለ ነገር። ጠረግኩት።"

"ለዶክተሩ ነገርክ?"

"ቅባት ብዬ ልንገረው? ይሳቅብኝ?"

ጋሽ ደምሴ ወደ ቶማ ዞሩ። "ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተህ ታውቃለህ?"

"አንዴ። የሸማኔዎች ማኅበር ስገባ ጤና ምርመራ ብለው። የዛሬ አራት ዓመት። ትንሽ ጥላ አለ፣ ተመለስ አሉኝ። ምንም ስላላመመኝ አልተመለስኩም።"

"ፊልሙን ሰጡህ?"

"አዎ።"

"የት አለ?"

"መስኮት ላይ።"

"የምን መስኮት?"

"የቤቴ። መስታወቱ ሲሰበር ሚስቴ ለጠፈችው።"

እኔ ሳቅኩ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። ሽርጣቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉና፣ "ሹራብሽን ልበሺ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ሽሮ ሜዳ።"

"አሁን? የሥራ ሰዓት እኮ ነው! አስተዳዳሪው..."

"ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። መግል ከሌለ ያ ቱቦ ምን ውስጥ ነው የሚገባው? አስቢው እስቲ።"

"ታዲያ እኔ ለምን እሄዳለሁ?"

"ከሆስፒታል ሽማግሌ ብቻውን ቤቷ ድረስ ሲመጣ ባሏ ሞተ ብላ ትጮሃለች። ሴት አብራ ካለች አትጮህም።"

ተሳስተው ነበር። ጮኸች።

ቶማ በነገረን ምልክት፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ገብተን፣ የሽመና ዕቃው ከየቤቱ ቀጭ ቀጭ ሲል እየሰማን ደረስን። የቶማ ሚስት አበበች በሩ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ከሆስፒታል ነው የመጣነው" ከማለታቸው እንዝርቷን ጥላ፣ "ወይኔ ቶማ! ወይኔ ወንድሜ!" ብላ ደረቷን መታች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሸማኔዎቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው፣ ግማሾቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ከበቡን።

"አልሞተም!" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ደህና ነው! እየሳቀ ነው!"

"ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?"

"መስኮቱን ልናይ ነው።"

አንድ አዛውንት ሸማኔ፣ "መስኮቱን?" አሉ ቀስ ብለው። እብድ ሰው እንዳይቆጣ ተብሎ የሚጠየቅ ዓይነት አጠያየቅ ነው። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ገባን። ክፍሏ አንድ ናት። ፀሐዩ ከፊት ለፊት ይመታ ነበርና የቶማ ደረት ግድግዳው ላይ በርቶ ነበር፤ ጎድን አጥንቱ፣ ልቡ፣ ትከሻው፣ ሁሉም። በሊጥ ነው የተለጠፈው። ጋሽ ደምሴ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጉ። ከዚያ በብብታቸው ይዘውት የመጡትን የዛሬውን ፊልም አውጥተው ጎኑ ላይ ያዙት። እኔም አየሁ። ያው ነው። ያው ነጠላ፣ ያው ከመሃል የተነፋ ነገር፣ ያው ቦታ። የመስኮቱ ትንሽ ያነሰ ነው፤ በቃ።

"አራት ዓመት" አሉ። "አራት ዓመት የቆየ መግል ሰውዬው ሸማ እየሸመነ፣ እየበላ፣ እየወፈረ አይቀመጥም። ውሃም አይቀመጥም።" ወደ አበበች ዞረው፣ "ይሄን እንወስዳለን" አሏት።

"ምኑን?"

"ፊልሙን።"

"መስኮቴን? በዚህ ብርድ?" አለች። ከሐዘን ወደ ቁጣ ለመዞር ምንም ጊዜ አልፈጀባትም። "የሱን ደረት ወስዳችሁ የእኔን ደረት ልታስበሉት? ማታ ከእንጦጦ የሚወርደውን ንፋስ ታውቁታላችሁ?"

ጋሽ ደምሴ ሰው ማባበል አያውቁም። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ያቺን ካርቶን አወጡ። "በዚህ ድፈኚው" አሉ። ካርቶኗ ግማሹን እንኳ አትሸፍንም። በመጨረሻ አዛውንቱ ሸማኔ ከቤታቸው የቆርቆሮ ቁራጭ አምጥተው ጉዳዩ ተዘጋ። አበበች ሊጡን በውሃ እያረሰች ራሷ ላጠችው። ጥግ ላይ ተቀደደ፤ የቶማ አንድ ትከሻ መስኮቱ ላይ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ሌላ ጥፋት ሠሩ። በዚያን ጊዜ ፊልም እንደልብ አይገኝም ነበር። የራጅ ክፍሉ በር ላይ "ለአንድ በሽተኛ አንድ ፊልም" የሚል ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ተለጥፏል። ጋሽ ደምሴ ቶማን አስጠርተው በቀኝ ጎኑ አስተኝተው ደግመው አነሱት። ውሃ ቢሆን ሰውየው በጎኑ ሲተኛ ወደ ታች ፈስሶ በረጅሙ ይተኛል፤ ብርሌ ሲጋደም እንደሚሆነው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነገሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። መዝገቡ ላይ ሁለተኛውን ፊልም በራሳቸው እጅ ሞሉ። እኔ፣ "ተበላሽቶ ነው ብለን እንጻፍ" ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን ሥሩ ላይ ፊርማቸውን አኖሩ።

ሦስቱን ፊልሞች ይዘው ዶክተር ግርማ ዘንድ ገቡ። እኔ ካርዱን ይዤ ከኋላ። ዶክተር ግርማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ዋርድ ሙሉ ሰው ብቻውን የሚያይ ወጣት ነበር። ኩራተኛ ግን ነበር።

"ጋሽ ደምሴ" አለ፣ ገና ፊልሞቹን ሳያይ፣ "እርስዎ ያንሱ። ማንበቡን ለእኛ ይተዉልን።"

"አላነበብኩም። ጎን ለጎን ልሰቅላቸው ነው የመጣሁት።"

"ይሄ የተቀደደው ምንድን ነው? ምን ነው የሸተተው?"

"ሊጥ ነው" አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሽ ደምሴ ሰቀሏቸው። የመስኮቱን፣ የትናንቱን፣ የተጋደመውን። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ። እኔ ብሆን አለፍልፍ ነበር። ጎድን አጥንቱን ቁጠር፣ ጠርዙን እይ፣ ቅባቱን ጠይቅ እል ነበር። ዶክተር ግርማ መጀመሪያ ቆሞ አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ።

"ድሬሰሩን ጥሪልኝ" አለኝ። ድሬሰሩ መጣ። ቅባቱን ተናገረ። ማንም አልሳቀበትም።

"ቱቦው ይቆይ" አለ ዶክተር ግርማ በመጨረሻ። ለጋሽ ደምሴ አመሰግናለሁ አላላቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞር አሉና፣ "ዶክተር፣ ይቆይ የሚለውን ካርዱ ላይ ይጻፉት" አሉ። "በቃል የተባለ ሐሙስ ጠዋት አይደርስም።"

ጻፈው።

ቶማ መሃል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። አንድ የውጭ አገር ቀዶ ሐኪም ከፈተው። ዶክተር ግርማ ሲከፈት ለማየት ራሱ ወረደ፤ በማግስቱ ራጅ ክፍል ድረስ መጥቶ ነገረን። "የጮማ እብጠት ነው። እንደ በግ ላት፣ ቢጫ፣ ልስልስ። ከልቡ ፊት ተነስቶ ወደ ቀኝ ወርዶ ሳንባውን ተጭኖታል እንጂ አልጎዳውም። ክፉ በሽታም አይደለም፤ ተመልሶ አይመጣም። ቀዶ ሐኪሙ እንኳ በዕድሜዬ ሁለተኛዬ ነው አለኝ።" ድምፁ ውስጥ የልጅ ደስታ ነበር። "ቱቦውን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም።

ቶማ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ጠባሳውን ለሁሉ ሰው ያሳያል፤ ለዘበኛው ሳይቀር። ለጋሽ ደምሴ ግን ጥያቄ ነበረው።

"ጋሼ፣ ሚስቴ መስኮቷን ትፈልጋለች።"

"አልሰጥም።"

"አላስገባህም ብትለኝስ?"

"መስታወት አስገባላት። ይሄ ፊልም ከዚህ አይወጣም፤ ሌላ ሰው ማየት አለበት።"

ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ከዚያ በኋላ ፀባያቸው ባሰ። በምሳ ሰዓት ወደ ፊልም መጋዘኑ ይገባሉ፤ የድሮ ፖስታዎች ከወለል እስከ ጣሪያ የተከመሩበት ክፍል ነው። "ውሃ" የተጻፈበትን ፖስታ ሁሉ አንድ በአንድ እያወጡ በመጋዘኑ መስኮት ብርሃን ያያሉ። እኔ እያቀበልኩ፣ እየመለስኩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው።

"ምንድን ነው የሚፈልጉት?"

"እንዳላገኝ ነው የምፈልገው" አሉ።

ብዙ ቀን ፈጀ። አንድ ዓርብ፣ እጃቸው አንድ ፊልም ላይ ቆመ። እኔም ከትከሻቸው በላይ አየሁ። አሁን ማየት ለምጃለሁ፤ መጥፎው ነገር እሱ ነው። ነጠላ። አጥንቶቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። ፖስታው ላይ "ውሃ" ይላል፣ ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ እጅ። ራጁን ያነሳው ሰው ፊርማ ደግሞ የጋሽ ደምሴ ነው። "ካርዷን አምጪ" አሉኝ። አመጣሁ። የሸጎሌ ሰፈር ሴት ናት። መርፌ ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ። ቱቦ። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ካርዱ ተዘግቷል። ጋሽ ደምሴ አንብበው ሲጨርሱ ካርዱን መለሱልኝ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ቀጥሎ የሆነውን ሰው ሁሉ ያወራል፤ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቀው ስብሰባው ውስጥ የነበረ ብቻ ነው። እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገውኝ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። የዚያን ቀን አጀንዳው የጋሽ ደምሴ ነው። አስተዳዳሪው አነበቡ፦ መመሪያ ጥሰው ሁለተኛ ፊልም አባክነዋል፣ በሥራ ሰዓት ሠራተኛ አስከትለው ከግቢ ወጥተዋል። "ጓድ ደምሴ ግለ ሂስ ያድርጉ" አሉ።

ዶክተር ግርማ ከፊት ተቀምጧል፤ ሊከላከልላቸው ወረቀት ይዞ መጥቷል። ሰዉ ሁሉ የጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ "ፊልም አባክኛለሁ፣ ሰው ግን አድኛለሁ" እንዲሉ። ያን ቢሉ ነገሩ በጭብጨባ ያልቅ ነበር። አስተዳዳሪውም ቢሆኑ የሚፈልጉት ይሄንን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጋሽ ደምሴ ተነሡ።

"ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ሴት አንስቼ ነበር" አሉ። "የዚያ ሸማኔ ዓይነት ጥላ ነበራት። አጥንቷ በጥላው ውስጥ ይታይ ነበር። አይቻለሁ። ፖስታው ላይ ውሃ ይል ነበር፤ ሐኪሙም ውሃ ብሎ ነበር፤ እኔ ራጅ አንሺ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ቱቦ አስገቡላት። ሞተች። ጥፋቴ ይሄ ነው።"

ዶክተር ግርማ ወረቀቱን አጠፈው። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። አስተዳዳሪው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

"ጓድ ደምሴ፣ ይሄ ከአጀንዳ ውጭ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ደግሞ እንዲሁ አይነገርም። ጓድ ሰብለ፣ ይሄ አይጻፍ።"

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ።

"ሰብለ፣ ጻፊው። ሐተታ አያስፈልገውም። ስሟን ጻፊ።"

"ከጎኑስ?" አልኩ። ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም። "ከጎኑ ምን ልበል? ጮማ?"

"አልተከፈተችም። ማን አየው" አሉ። "ባዶ ተዪው።"

አስተዳዳሪው ወደ ሌላ አጀንዳ አልፈው ነበር። የተናገሩትን አልሰማሁም። ብርቅነሽ፣ ሸጎሌ ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ አንድ መስመር ሙሉ ምንም ሳልጽፍበት ተውኩ፤ ጋሽ ደምሴ እስኪቀመጡ ድረስ ገጹን አልገለጥኩም።